ማስቶዶን ላይ የጓደኛዬ የድሮ ጽሑፎች አይታዩኝም፤ የምታውቁ ተባበሩኝ

ሰላም ወገኖች። ማስቶዶን ላይ (እንደ ትዊተር ያለ፣ ግን እርስ በርስ በተገናኙ ብዙ ሰርቨሮች የተከፋፈለ ማኅበራዊ ሚዲያ ነው) አካውንት ከፍቼ መላው ጠፋኝ። ሰርቨር ምረጥ ሲለኝ አነስ ያለ መረጥኩ፤ እንደ ኢሜይል ነው፣ የትም ብትከፍት ከሁሉም ጋር ትገናኛለህ ስለተባልኩ ብዙም አልተጨነቅኩም።

ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ ጓደኛዬን በስሙ ብቻ ስፈልገው የለም አለኝ። ስሙንም የሰርቨሩንም አድራሻ፣ ሁለቱም ፊት @ አድርጌ ስጽፍ ግን ወጣ። እሰየው ብዬ ፕሮፋይሉን ስከፍት አንድም ጽሑፍ የለም! ሰውየው እኮ ከ2022 ጀምሮ ሲጽፍ የኖረ ነው። በብሮውዘር በራሱ ሰርቨር በኩል ስገባ ሁሉም ተደርድሯል። ፎሎው ካደረግኩት ወዲህ አዲሱ ይመጣልኛል፤ የድሮው ግን ወፍ የለም። የአንዱን ጽሑፍ ሊንክ ሰርች ላይ ስለጥፍ እሱ ብቻ ይመጣል፤ ታዲያ ያን ሁሉ አንድ በአንድ ልለጥፍ ነው?

በአንዴ ማምጫ መንገድ አለ? ወይስ ትልቅ ሰርቨር ብገባ ይሻላል? አካውንት ሲዛወር ተከታይ እንጂ ጽሑፍ አብሮ ስለማይሄድ፣ ብዙ ሳልጽፍ ከወዲሁ ልወስን ብዬ ነው። በአማርኛ የሚጽፉ ሰዎች የሚገኙበት ሃሽታግ ካለም ጠቁሙኝ። አስተዳዳሪውን ጠይቅ እንዳትሉኝ ብቻ፤ ጽፌለት እስካሁን ዝም ነው።