እህቴ የትም ብትሄድ የቀድሞ እጮኛዋ ያውቃል፣ ምን ላድርግ?

የጅማ ልጆች፣ ስለ ስልክ የምታውቁ እባካችሁ ድረሱልኝ። ታናሽ እህቴ ከእጮኛዋ ብትለያይም ልጁ የትም ብትሄድ ያውቃል። ሂርማታ ገበያ ስትወጣ «ቡና ልትገዢ ነው?» ብሎ ይጽፍላታል፤ አጂፕ ሰፈር ጓደኛዋ ቤት ስትገባም እንደዚያው። ልጅቷ ከቤት መውጣት ፈራች፣ እኔም አንጀቴ አረረ።

ስልኩን ገዝቶ ጂሜይሉን የከፈተላት እሱ ነው። በዚያ ጂሜይል የገባ ሰው ደግሞ የጠፋ ስልክ መፈለጊያውን ከፍቶ ቦታዋን ማየት ይችላል። የይለፍ ቃሉን ልንቀይር ስንል ማረጋገጫ ኮዱ ወደ እሱ ስልክ ይሄዳል! ቴሌግራሟ ላይ የነበረውን የማናውቀውን ስልክ አስወጥተናል፣ የጉግል ማፕ ሎኬሽን ሼሪንግም (ያለችበትን ቦታ ለሌላ ሰው የሚያሳየው) ጠፍቷል፣ እሱ ግን አልተወም።

ስልኩን ሁሉንም አጥፍቼ ሪሴት እንዳላደርገው ለፖሊስ የሚሆን ማስረጃ እንዳይጠፋ ሰጋሁ። ፎቶዎቿን ሳናጣ ወደ አዲስ ጂሜይል እንዴት እንሻገር? የተደበቀ አፕ ካለስ የት ገብቼ ልየው?