ሃዋይ ላይ ቤት መሥሪያ ቦታ፦ ፑና ወይስ ኮና? እስከ ዓርብ መወሰን አለብን

ከሲያትል

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። እኔና ባለቤቴ ሲያትል ከገባን 23 ዓመት ሆነን። እሱ ታክሲ እየነዳ፣ እኔ አረጋውያን መጦሪያ ሌሊት እየሠራሁ ጥቂት ቋጥረናል። ጡረታችን ደርሷል። ጉልበቴም ብርዱን አልቻለውም። ከሦስት ዓመት በፊት ለሥራ ባልደረባዬ ሰርግ ሃዋይ፣ ትልቁ ደሴት ሄደን ነበር። ሂሎ ያደርንበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሌሊት ዝናቡ ሲጥልበት እናቴ ቤት የተኛሁ መስሎኝ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ሐሳባችን ሁሉ እዚያ ቤት መሥራት ነው።

አሁን ሁለት ቦታ አግኝተናል። አንዱ በደሴቱ ምሥራቅ ፑና ውስጥ፣ ሌይላኒ ከሚባል መንደር አጠገብ፣ አንድ ኤከር በ32 ሺህ ዶላር። ሌላው በምዕራብ፣ ከኮና ከተማ በላይ ሆሉአሎዋ ነው። መሬቱ ያንሳል፣ ዋጋው ግን ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ደላላው «እስከ ዓርብ ለፑናው ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ገዢ አለ» ብሎናል። ወረቀቱ ላይ «ላቫ ዞን 1» ይላል። ስጠይቀው «እዚህ ደሴት ሁሉም ቦታ ዞን አለው» አለኝ። ምን ማለት ነው?

አንድ ነገር ልጨምር። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ የጀመረውን ቤት ጣሪያ እንድናወጣለት 10 ሺህ ዶላር ጠይቆናል። ፑናን ከገዛን ለእሱም ይተርፋል። ኮናን ከገዛን ግን እጃችን ባዶ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ከሂሎ

እህቴ፣ ቀብድ እንዳትከፍይ! 14 ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ፣ እንጀራዬም ግንባታ ነው። ደላላሽ የነገረሽ ግማሹን ነው። ላቫ ማለት ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የሚፈስ ድንጋይ ነው። የላቫ አደጋ ዞን ሁሉም ቦታ አለው፣ በጣም አደገኛ ከሆነው 1 እስከ 9። ያወጣው የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ነው። 9 ማለት ሰሜን ጫፍ ያለው ኮሃላ ነው፤ እዚያ 60 ሺህ ዓመት ሙሉ እሳት አልወጣም። 1 ማለት ደግሞ እሳቱ ራሱ የሚወጣበት ስንጥቅ መስመር ነው። የአንቺ ቦታ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በሜይ 2018 ሌይላኒ መንደር ውስጥ መሬቱ ሲሰነጠቅ ለወዳጆቼ ዕቃ አጓጉዝ ነበር። ፍሪጅ ጭነን ስንወጣ አስፋልቱ መሃል ጣት የምታስገባ ስንጥቅ አየሁ። እንፋሎት ይወጣባታል፣ ዳሯ ላይ ያለው ሳር ቢጫ ሆኗል። በማግስቱ ስንመለስ መንገዱ የለም። በዚያ ዓመት 24 ስንጥቅ ተከፈተ፣ ከ700 በላይ ቤት ጠፋ፣ የካፖሆ የባህር ወሽመጥ በላቫ ተሞልቶ ደረቅ መሬት ሆነ።

ለዚህ ነው ርካሽ የሆነው። ዞን 1 እና 2 ላይ አብዛኛው ኢንሹራንስ ፊቱን ያዞራል። በ1991 ለእነዚህ ቦታዎች ተብሎ የተቋቋመ የኢንሹራንስ ማኅበር አለ፤ እሱም ቢሆን ውድ ነው። ኢንሹራንስ ከሌለ ባንክ ሞርጌጅ አይሰጥም። ነገ ልትሸጪው ብትፈልጊ የሚገዛሽ ሰው በአብዛኛው ሙሉ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መምጣት አለበት ማለት ነው።

ሌላው ውሃ ነው። ፑና ውስጥ ብዙ መንደር የቧንቧ ውሃ የለውም። ከጣሪያ ወደ ታንከር ታጠራቅሚያለሽ፣ ልክ እንደ አገራችን ሮቶ፣ ግን በጣም ትልቅ። መሸፈኛውን በደንብ ካልዘጋሽ ቀንድ አውጣ ይገባል። ቀንድ አውጣው ጭንቅላት የሚያጠቃ ትል ይይዛል። ማጣሪያና የአልትራቫዮሌት መብራት የግድ ነው። ፍሳሹን ዝም ብሎ ጉድጓድ ውስጥ መልቀቅ ደግሞ ለአዲስ ቤት በፈረንጅ ከ2016 ጀምሮ ክልክል ነው። ሴፕቲክ ታንክ ትቀብሪያለሽ። አፈር የለም፣ ድንጋይ ነው የምትፈለፍዪው።

ከዳላስ

ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ልናገር። ለምን አገራችሁ አትሠሩም? ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ስለተለቀቀ ዶላራችሁ ድሮ ከሚገዛው በላይ ይገዛል። እኔ ቢሾፍቱ ሠርቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። አደራ ያልኩት ዘመዴ ፌሮውን ሸጦ በልቶብኝ ያውቃል፤ ተቆጥቼ ሁለት ዓመት አላነጋገርኩትም። ግን ዛሬ በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ ጎረቤቴ በስሜ ይጠራኛል። እዚያ ደሴት ላይ ስታርፉ ማን ይቀብራችኋል? እድር አለ? ለወንድምሽም ጣሪያውን አውጪለት። በሰው አገር ለሚፈስ እሳት ከምትገብሪ ለእናትሽ ልጅ መስጠት ይሻላል።

ከኮና

ጋሼ፣ አክብሬ ነው የምመልሰው። ቤተሰብ የሌለው ሰው የትም ቢሠራ ብቸኛ ነው። እኔ ሆሉአሎዋ አጠገብ ቡና እርሻ ላይ እሠራለሁ። የጅማ ልጅ ነኝ። ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ቡናው ሲያብብ እዚህ ያሉት «የኮና በረዶ» ይሉታል። የመጀመሪያውን ዓመት ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው የአያቴን ጓሮ አመጣብኝ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ቡና ወደ ኮና የመጣው በ1828 ነው፤ ዘሩ ግን ከእኛ ነው።

ለእህታችን፦ ለጉልበትሽ ኮና ይሻልሻል። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ስለሚመጣ ዝናቡን ሂሎ ላይ ጥሎት ያልፋል። ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብበታል። ምዕራብ ዳር ካዋይሃይ ደግሞ 250 እንኳ ሲያገኝ ነው። ሆሉአሎዋ ግን ከፍታ ላይ ስለሆነች እንደ ባህሩ ዳር አትደርቅም። አንድ ችግር ልንገርሽ፦ ኪላዌያ የሚባለው እሳተ ገሞራ በፈረንጅ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ነካ ለቀቅ እያደረገ ይፈነዳል። ሲፈነዳ ጭሱ በነፋስ ዞሮ ወደ እኛ ይመጣል። አስም ያለው ሰው ቤት ውስጥ ካለ አስቡበት።

ከኦክላንድ

እትዬ፣ ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ያ መሬት የማነው? የሃዋይ ንግሥት በ1893 ከዙፋኗ የወረደችው በአገሯ ላይ በነበሩ ባዕዳን ነጋዴዎች ነው። በ1921 ለተወላጆቹ መሬት እንዲሰጥ ሕግ ወጣ። እስከ ዛሬ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ወረፋ ይጠብቃል፣ ሳይደርሳቸው የሞቱ አሉ። እኛ በመሬት ጉዳይ ስንት ደም ያፈሰስን ሰዎች ነን። ይህን እያወቅን ዶላር ይዘን ሄደን ዋጋ ማስወደድ ልቤን ያሳምመዋል።

ከዳላስ

ልጄ፣ 23 ዓመት አረጋውያን ስታገላብጥ የኖረች ሴት ናት። ወራሪ አታድርጊያት።

ከኦክላንድ

ጋሼ፣ እሷን አልወቀስኩም። ግን ድካማችን የሰውን ሐዘን አይሰርዘውም። አዲስ አበባ ዙሪያ ገበሬው ከእርሻው ሲነሳ አልቅሰናል። እዚያ ሲሆን እንባ፣ እዚህ ሲሆን ኢንቨስትመንት ነው?

ከሂሎ

ሁለታችሁም እውነት አላችሁ። ጎረቤቴ የተወላጅ ሽማግሌ ናቸው። ቅር የሚላቸው ገዝቶ በዓመት ሁለት ሳምንት መጥቶ የሚሄደው ነው። ሳሩ ጣሪያ ሲደርስ፣ በሩ በጨው አየር ዝጎ ማጠፊያው ሲበጠስ ያዩታል። ገብቶ የሚኖረውን፣ ሲታመሙ የሚጠይቃቸውን አይጠሉም። ደግሞ መሬት ስትቆፍሩ የሰው አጽም ካገኛችሁ ቁሙ፣ አሳውቁ። ሕጉም ክብሩም ይህን ይላል።

ከኦክላንድ

የአንድ ጎረቤት ደግነት የሁሉም ፈቃድ አይደለም።

ከሲያትል

ሁላችሁንም ሁለት ጊዜ አነበብኩ። እህቴ ኦክላንድ፣ የጻፍሽው ከልቤ አልወጣም። መልስም የለኝም። ጋሼ፣ የእድሩን ነገር ባለቤቴ ሲሰማ ዝም ብሎ ተነሥቶ ወጣ።

ለደላላው ደውዬ ለፑናው ቀብድ አንከፍልም ብያለሁ። ለወንድሜ ግማሹን እልካለሁ፣ ቀሪውን እሱ ይሙላ። ሆሉአሎዋን ግን አልቆረጥኩም። የዞኑ ቁጥር ስንት ነው? ባለቤቴ ማታ ማታ ሳል አለበት።

ከሂሎ

ሆሉአሎዋ ያለችው ሁአላላይ ተራራ ላይ ነው፣ ዞን 4። ተራራው መጨረሻ የፈነዳው በ1801 ነው። ኮና ስትደርሱ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ያኔ በፈሰሰው ላቫ ላይ ነው። እና አልሞተም፣ ተኝቷል።

ቅዳሜ ለሥራ ወደዚያ እሻገራለሁ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ወደ ተራራው ሲወርድ ቦታውን አየዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ቦታ ያምራል። የባልሽን ሳል ግን ሐኪም ይየው። ከዚያ ቢቻል ኪላዌያ በሚጨስበት ሳምንት መጥታችሁ አንድ አምስት ሌሊት እደሩ።

ከዳላስ

ከመጣችሁ ደውሉልኝ። እዚያ ስንት ሐበሻ እንዳለ ቁጠሩልኝ።