ዶርም ያለው ልጅ ስለ ራኤሊያን ያወራኛል፣ ምን ልበለው?

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ ሰላም፣ ዶርሜ ያለ ልጅ ዩቲዩብ ላይ ራኤሊያን የሚባሉትን አይቶ ሰውን የፈጠሩት ከሌላ ፕላኔት የመጡ ሳይንቲስቶች ናቸው፣ መጽሐፍ ቅዱስም የሚያወራው ስለነሱ ነው ይለኛል፣ ምን ልመልስለት?

የመንዝ ልጅ፦ ወንድሜ ይሄ እኮ ክሎድ ቮሪሎን የሚባል ፈረንሳዊ በ1973 እ.ኤ.አ. ከዩፎ (በራሪ ሳህን ከሚሉት) የወረደ ፍጡር አነጋገረኝ ብሎ የጀመረው ነው። እሺ እነሱንስ ማን ፈጠራቸው በለው። ከየትም ይምጣ ፍጡር ያው ፍጡር ነው፣ ክርስቶስን አይተካም!

አንኮበር፦ ገላትያ 1፥8ን አብራችሁ አንብቡ፣ መልአክ እንኳ ከሰማይ ወርዶ ሌላ ወንጌል ቢሰብክ አትቀበሉት ነው ነገሩ። በ1997 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ሄቨንስ ጌት የሚባል የእምነት ቡድን ውስጥ ያሉት ከአንድ ኮሜት (ጅራታም ኮከብ) ጋር የጠፈር መርከብ መጣልን ብለው 39 ሰው ራሱን አጠፋ፣ በጣም ያሳዝናል። ልጁን ግን እንዳትሰድበው፣ ቀስ ብለህ አዋራው።

የደብረ ብርሃን ልጅ፦ እሺ እግዜር ይስጥልኝ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባቶች ጋር ይዤው እሄዳለሁ