ጊታር ላይ ከሲ ወደ ዲ ስሻገር ምቱ ይቆምብኛል

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጂ፣ ኢ ማይነር፣ ሲ፣ ዲ የሚባሉትን ኮርዶች (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) እየተለማመድኩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኮርድ አራት ቢት (የምት ቆጠራ)። ምቱ ታች፣ ታች ላይ፣ ላይ ታች ላይ ነው፤ ሜትሮኖሙ (ቢት ጠባቂው መሣሪያ) በደቂቃ 80 ቢት ላይ። እስከ ሲ ድረስ ይሄዳል፤ ወደ ዲ ስሻገር ግን ግራ እጄ እስኪደርስ ቀኝ እጄ ቆሞ ይጠብቃል። ፍጥነት ልቀንስ ወይስ ምቱን ላቅልል?

ክር ስድስት፦
መጀመሪያ ቀኝ እጅህን ለብቻው አስተካክል። በግራ እጅህ ክሮቹን ሳትጫን ዳስሰህ አፍናቸውና «አንድ እና ሁለት እና ሦስት እና አራት እና» እያልክ ምታ። እጅህ በቁጥሩ ይወርዳል፣ በ«እና» ይወጣል፤ ክር ባይነካም አይቆምም። በዚህ ምት «ሦስት» ላይ ክር አይመታም፤ እጅ ግን በአየር ላይ ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚያ ጋ እጁን ይይዝና ቀጥሎ ያለው «ላይ» ይዛነፍበታል።

ከዚያ ሜትሮኖሙን 50 አድርግና በየቢቱ አንድ ታች ብቻ እየመታህ ሲና ዲን አፈራርቅ። ኮርዱ ባይሞላም ምቱን አታቁም፤ የጎደለው ክር ይጉደል። አራት ዙር ሳይሳት ከሄደ 5 ጨምር። ሙሉውን ምት የምትመልሰው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ጣቶችህን ከሲ የምታነሳው በመጨረሻው «እና» ላይ ነው። ያኔ ክፍት ክሮች ቢሰሙ ምንም አይደል፤ ጆሮ የሚይዘው ቀጥሎ ያለውን «አንድ» ነው።

ፍሬት ሦስት፦
የግራ እጁም ነገር መታየት አለበት። ከሲ ወደ ዲ ስትሄድ የቀለበት ጣት ሦስተኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረቶች የተለየው ክፍል) ላይ እንዳለ ከአምስተኛው ክር ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፤ አንደኛው ክር ቀጭኑ ነው። የመሃል ጣትም ሁለተኛው ፍሬት ላይ እንዳለ ከአራተኛው ወደ አንደኛው። ፍሬት የሚቀይረው አመልካች ጣት ብቻ ነው፤ ከሁለተኛው ክር አንደኛ ፍሬት ወደ ሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት። የሚያዘገየው አመልካቹን አስቀምጦ ሌሎቹን አንድ በአንድ መልቀም ነው። የቀለበት ጣትህን አስቀድም፣ ሁለቱ ይከተሉታል። ጣቶችህንም ከክሩ ብዙ አታርቃቸው።

ጂን ደግሞ በመሃል፣ በቀለበትና በትንሿ ጣት ያዘው። ወደ ሲ ስትሄድ መሃልና ቀለበት ቅርጻቸውን ሳይለቁ አንድ አንድ ክር ብቻ ይወርዳሉ።

ባለ ፒኩ፦
ለጊዜው ሲን በሲ አድ ናይን (የዲ ድምፅ በተጨመረበት ሲ) ቢተካውስ? ጂን በአራት ጣት ከያዘ የቀለበት ጣቱ ሁለተኛው ክር፣ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ዲ ላይም አይነሳም።

ፍሬት ሦስት፦
ያስኬዳል፤ ግን ድምፁ ሌላ ነው፣ ከሲም አያስጥለውም። ለማሞቂያ ይጠቀምበት።

ጀማሪው፦
አመሰግናለሁ። ዲ ላይ ግን ቀጭኑ ክር ይታፈንብኛል።

ክር ስድስት፦
የቀለበት ጣትህ ተኝቶ እየነካው ነው። የእጅ አንጓህን ትንሽ ወደ ፊት አውጣና በጣትህ ጫፍ ተጫን። ደግሞም ዲን ከአራተኛው ክር ጀምረህ ምታ፤ ስድስተኛው ከገባ ድምፁ ይደፈርሳል።