እንቁላሉን የበላው ወይስ ያመረተው? ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄውን ያነሳው፦
ከጓደኛዬ ጋር ቁርስ ላይ ተጨቃጨቅን። እሱ በሽቦ ሳጥን ውስጥ የታጎረች ዶሮ የጣለችውን እንቁላል መብላት ነውር ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ "ዶሮዋን ያጎርኳት እኔ አይደለሁ፣ ጥፋቱ የአምራቹ ነው" አልኩት። ሳንስማማ ተለያየን። ነገሩ ግን እስካሁን ይከነክነኛል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? ተጠያቂው የሚበላው ነው፣ አምራቹ ነው ወይስ ዝም ያለው ሕግ አውጪ?

እንቁላል ከተወ ሦስት ዓመት የሆነው፦
ገዢ ከሌለ አምራች የለም፤ ስለዚህ ጓደኛህ ልክ ነው። እስኪ አንድ የኤ4 ወረቀት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ። እ.ኤ.አ. እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለአንዲት ዶሮ በሳጥን ውስጥ የሚፈቀደው ትንሹ ቦታ 550 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነበር። ከወረቀቱ ያንሳል። ዶሮ ክንፏን መዘርጋት፣ መሬት መጫር፣ ሲመሽ ቆጥ ላይ መውጣት ትፈልጋለች። እዚያ ውስጥ አንዱንም አታገኝም። ይሄ ሳጥን የተከለከለው በ1999 በወጣ መመሪያ ነው፤ በሥራ ላይ የዋለው ግን በ2012 ነው። አሥራ ሦስት ዓመት! ሌላው ዓለም ላይ ደግሞ ዛሬም በብዛት አለ። ሕግ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ስንት ዶሮ እንደሚያልፍ ያስብ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ወንድሜ፣ ዶሮዋ አታሳዝንም አላልኩም። ግን እኔ ገበያ ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን አውቃለሁ። ልጆቼ በቂ ፕሮቲን የሚያገኙበት፣ ከስጋም ከዓሣም የሚረክሰው ነገር እንቁላል ነው። ሜዳ ላይ የተለቀቀች ዶሮ እንቁላል ደግሞ ይወደዳል። "ጥሩ ሰው" መሆን አቅም ላለው ብቻ ከሆነ፣ እኔና መሰሎቼ መጥፎ ሰዎች ነን ማለት ነው? ይሄን አልቀበልም።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦
እህቴ ያሉት ትክክል ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት በአስተማማኝ ሁኔታ አይገኝም። እንስሳ ነክ ምግብ የተወ ሰው በኪኒን ወይም ቫይታሚኑ በተጨመረበት ምግብ መተካት አለበት። አዋቂ ሰው አስቦበት ሊያደርገው ይችላል። እያደገ ባለ ሕፃን ላይ ግን በዘፈቀደ አይሞከርም።

መፈልፈያ ውስጥ የሠራ፦
ሁላችሁም ስለ ሳጥኑ ታወራላችሁ። እኔ ሳጥኑ ጋ ከመደረሱ በፊት ያለውን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ጫጩት መፈልፈያ ውስጥ ሠርቻለሁ። እንቁላሉ በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ገና ላባቸው ሳይደርቅ በሳጥን ሆነው ጠረጴዛችን ላይ ይመጣሉ። የእኛ ዝርያ በቀለም ይለያል፤ ቡናማዋ ሴት ናት፣ ቢጫው ወንድ ነው። ቡናማዋን ወደ ቀኝ፣ ቢጫውን ወደ ግራ። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይሄ ነው። እጅ ውስጥ ሲገቡ ይሞቃሉ። ልባቸው ጣት ላይ ይመታል። በቀኝ ያሉት ይከተቡና ወደ አርቢ ይላካሉ። በግራ ያሉት በዚያው ቀን ይገደላሉ፤ አንዳንድ ቦታ በጋዝ፣ አንዳንድ ቦታ በመፍጫ ማሽን።

ለምን? የእንቁላል ዝርያ ወንድ አይጥልም፣ ስጋውም እንደ ስጋ ዶሮ ቶሎ አይደርስም። የስጋ ዶሮ በስድስት ሳምንት ገደማ ለእርድ ይደርሳል፤ ይሄኛውን ግን እስኪያድግ መቀለብ ኪሳራ ነው። በዓለም ላይ በዓመት 7 ቢሊዮን ገደማ ወንድ ጫጩት እንዲህ እንደሚገደል ይገመታል። ሜዳ ላይ የተለቀቀችው ዶሮም እኮ ወንድም ነበራት። እንቁላሏን በውድ የገዛ ሰው ይሄን ሳያውቅ ነው የሚገዛው። ስለዚህ "ጥሩውን እንቁላል ግዛ" የሚለው ምክር ብቻውን ጥያቄውን አይመልስም።

ጥያቄውን ያነሳው፦
ይሄን አላውቅም ነበር። እውነት አላውቅም ነበር።

ዶሮ አርቢ፦
እኔ ከሚወቀሱት ወገን ነኝና ልናገር። ሳጥኑን ነገ ባፈርስ ደስ ይለኛል። ግን ብቻዬን ባፈርስ ቤቱ የሚይዘው ዶሮ ቁጥር ይቀንሳል፣ ሠራተኛ መጨመር አለብኝ፣ መኖውም ይጨምራል፤ ዶሮ ስትንቀሳቀስ ብዙ ትበላለች። ያላፈረሰው ሰው በርካሽ ይሸጣል፣ እኔ እዘጋለሁ፣ ዶሮዎቹ እሱ ጋ በሳጥን ይቀጥላሉ። ሕግ ለሁላችንም በአንድ ቀን ከወጣ ግን ማናችንም አንጎዳም። በዚህ በኩል ከእህቴ ጋር ነኝ፤ ሸክሙን አንዲት እናት ትከሻ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

ደግሞም የተለቀቀች ዶሮ ሁሉ ደልቷታል ማለት አይደለም። አውሬ ይበላታል፣ የወፍ ጉንፋን ሲገባ ተመልሳ ትዘጋለች። የዱር ዘመዷ በዓመት ከ10 እስከ 15 እንቁላል ትጥላለች፤ የዛሬዋ 300 እና ከዚያ በላይ። ለቅርፊቱ የሚሆነው ካልሲየም ከአጥንቷ ጭምር ይወሰዳል። የደረት አጥንቷ ይሰበራል። ሳጥን ውስጥም ሆነ ውጭ። ዝርያውን ራሱን እንዲህ አድርገን ነው ያራባነው።

እንቁላል ከተወ ሦስት ዓመት የሆነው፦
ለዚህ እኮ ነው የተውኩት! ግን ሕግ ብቻውን ይበቃል የምትለው አይዋጥልኝም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ወንድ ጫጩት መግደልን ከልክላለች። እንቁላሉ ሳይፈለፈል ጾታውን የሚለይ መሣሪያ አለ። ሕጉ የሚሠራው ግን አገር ውስጥ ነው። ሌላ አገር የተፈለፈለች ዶሮ ድንበር ተሻግራ ብትገባ ወንድሟን ማን ይጠይቃል? ጉዳዩን የሚከታተል ገዢ ከሌለ ሕጉ ቀዳዳ አያጣም።

ኬክ ጋጋሪ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በአውሮፓ ኅብረት የእንቁላሉ ቅርፊት ላይ ቁጥር ይታተማል። 0 ኦርጋኒክ፣ 1 ውጭ የምትወጣ፣ 2 ቤት ውስጥ የተለቀቀች፣ 3 በሳጥን ያለች፣ ማለትም ከ2012 ወዲህም በተፈቀደው ሰፋ ባለው ሳጥን። ገዢው አይቶ ይመርጣል፣ ጥሩ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው እንቁላል ግን ቅርፊት የለውም። ተሰብሮ፣ በፈሳሽ መልክ በባልዲ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴም በዱቄት። ብስኩት፣ ማዮኔዝ፣ ኬክ ውስጥ ሲገባ ከየት እንደመጣ የመጻፍ ግዴታ የለም። 1 ቁጥር መርጦ ቁርሱን የበላ ሰው ከሰዓት በኋላ ከእኔ 3 ቁጥር ይበላል። ምርጫው የበላተኛው ነው ካላችሁ፣ መጀመሪያ የሚመርጥበትን ነገር አሳዩት።

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ንገሩኝና ልወስን። ከሳምንቱ አንድ ሁለት ቀን እንቁላሉን በምስር ብተካው ልጆቼ አይጎዱም፣ ያንን አደርጋለሁ። የተደበቀብኝን ግን እንዴት እጠየቅበታለሁ?

ጥያቄውን ያነሳው፦
ለጓደኛዬ ደውዬ ነበር። አምራቹ ብቻ ነው ያልኩትን ትቼዋለሁ። ካወቅሁ በኋላ እንዳላወቀ ሰው መብላት አልችልም። እሱም ስለ ባልዲው እንቁላል ሰምቶ አያውቅም። መፈልፈያ የሠራኸው ወንድሜ፣ ካላስቸገርኩህ ልጠይቅህ፤ አንተ ራስህ እንቁላል ትበላለህ?

መፈልፈያ ውስጥ የሠራ፦
እበላለሁ። ጾታው ሳይፈለፈል ከተለየበት መፈልፈያ የመጣ ሳገኝ እሱን እገዛለሁ፤ ሳላገኝ የተገኘውን። ያኔ ምን እሠራ እንደነበር ግን ለልጄ እስካሁን አልነገርኳትም።