ታክሲ ውስጥ ሲጀምረኝ ምን ላድርግ?

መስኮት ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንባቢ ነኝ፣ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ከረዘመባችሁ ይቅርታ።

29 ዓመቴ ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። ቤቴ መገናኛ፣ ሥራዬ ሜክሲኮ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሚኒባስ ያዝኩ። ዝናብ ነው። በትርፍ ተጭነናል፣ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ብሏል። ሃያ ሁለት ሰፈር ጋ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። በቃ፣ ምንም ሳይፈጠር ልቤ አንዴ ዘለለች። ከዚያ ድው ድው ድው። ጣቶቼን ወረረኝ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ አየር አጠረኝ፣ ላብ አጠመቀኝ። መስኮቱ ጋ የተቀመጡትን ሽማግሌ "አባባ፣ ትንሽ ይክፈቱልኝ" አልኳቸው። "ልጄ፣ ብርድ ልታስመቺን ነው?" አሉኝ። እኔ እየሞትኩ እሳቸው ብርድ ይፈራሉ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

"ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ። ረዳቱ "እዚህ መውረጃ የለም፣ ልታስቀጪን ነው?" አለኝ። ፊቴን ሲያይ ግን ዝም ብሎ በሩን ከፈተው። አንድ የተዘጋ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሎተሪ የሚያዞር ልጅ ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ለቀቀኝ።

ከዚያ ምርመራ። ኢሲጂ የሚሉትን የልብ ምርመራ ተነሳሁ። ደም ማነስ፣ ስኳር፣ እንቅርት ሁሉ ታየ። ሁሉም ደህና። አንዱ ሐኪም ጨጓራ ይሆናል ብሎ ኦሜፕራዞል ጻፈልኝ። እናቴ ብርድ ነው አለች። ሁለተኛው ሐኪም "ፓኒክ አታክ ነው፣ ድንገት የሚነሳ ከባድ ፍርሃት፣ አትጨነቂ" አለኝና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። አትጨነቂ!

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመላልሶብኛል፣ ሁሉም ታክሲ ውስጥ። አራቱንም ጊዜ ወርጃለሁ። አሁን ከመገናኛ እስከ ኡራኤል በእግሬ መሄድ ጀምሬያለሁ፣ ጫማዬ አለቀ። እንዴት እንደምድን አይደለም የምጠይቀው፣ እሱን ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። እዚያችው ሰዓት ላይ፣ መሃል ወንበር ላይ ታፍኜ፣ ምን ላድርግ?

ጠመኔ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። አስተማሪ ነኝ። የእኔ የመጀመሪያው ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነው የመጣብኝ፣ 50 ተማሪ ከኋላዬ። ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል፣ ስለዚህ ጠባዩን ትንሽ አውቀዋለሁ።

አንደኛ ነገር፣ አየር አላጠረሽም። በዝቶብሽ ነው። ስትደነግጪ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሻለሽ፣ ከደምሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል። ጣትሽን የሚወርርሽ፣ ከንፈርሽ የሚደነዝዘው፣ የሚያዞርሽ ከዚያ ነው። ይህን ያስረዳኝ ሐኪም ግማሹን ፍርሃት በአንድ ቀን ወሰደልኝ። "በረጅሙ ተንፍሺ" ሲሉሽ ሰምተሽ ደረትሽን ሞልተሽ አትሳቢ፣ ይብስብሻል። ሥራው ማውጣቱ ላይ ነው። ትኩስ ሻይ ስታቀዘቅዢ እንዴት ነው የምትነፊው? እንደዚያ፣ ከንፈርሽን አጥብበሽ፣ ቀስ ብለሽ። በአፍንጫሽ እስከ አራት እየቆጠርሽ ሳቢ፣ በአፍሽ እስከ ስድስት ወይም ሰባት እየቆጠርሽ አውጪ። አምስት ደቂቃ ያህል ሳታቋርጪ። የመጀመሪያው ደቂቃ ምንም ያልሠራ ይመስላል፣ አትተዪው።

ሁለተኛ፣ ሰዓትሽን እዪ። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ሰውነት አድሬናሊን እንደዚያ እያፈሰሰ መቀጠል አይችልም። "1፡42 ጀመረ" ብለሽ ስልክሽ ላይ ጻፊ። መጨረሻ ያለው ነገር መሆኑን ዓይንሽ ማየት አለበት።

ሦስተኛው ከባዱ ነው፣ ትሰድቢኛለሽ። ከታክሲው አትውረጂ። በወረድሽ ቁጥር ሰውነትሽ "ታክሲው ነበር ሊገድለኝ የነበረው፣ እንኳን አመለጥኩ" ብሎ ይመዘግባል። ከመጀመሪያው ጋር አምስቴ አስተምረሽዋል። እዚያው ቁጭ ብለሽ ሲያልፍልሽ ግን ሌላ ነገር ይማራል። እኔ ክፍሉን ጥዬ እወጣ ነበር፣ በኋላ ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ብቻ ልቤ መምታት ጀመረች።

ሐሳብሽን ደግሞ ሥራ ስጪው። የተለጠፉትን ጥቅሶች አንብቢ፣ የፊት ወንበሩን ስፌት ቁጠሪ። የሂሳብ ሰው አይደለሽ? ረዳቱ ስንት ሰበሰበ፣ ስንት ሰው ቀረው፣ እሱን ደምሪ።

ማኪያቶ፦

እኔን ፌስታል ውስጥ ተንፍሺ ብለውኝ ለቆኛል። ሞክሪው። ቡናም ቀንሺ፣ እኔ በባዶ ሆዴ ሁለት ማኪያቶ ጠጥቼ ነበር የሚጀምረኝ። ስሜን አትዩ፣ አሁን አንድ ነው የምጠጣው።

የሌሊት ተረኛ፦

ድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። ፌስታሉን ተዉት፣ እባካችሁ። ሰውየው አስም ወይም ልብ ቢሆንስ? ኦክስጅን ነው የምትከለክሉት። የቡናውን ነገር ግን እደግፋለሁ፣ ጫትም እንደዚያው።

እህት፣ ኢሲጂሽና ደምሽ መታየቱ ጥሩ ነው፣ ሌላውም ሰው መጀመሪያ ይህን ያድርግ። ግን ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ዳገት ስትወጪ ከመጣ፣ ወይም ራስሽን ከሳትሽ "ያ የለመድኩት ነው" ብለሽ አትቀመጪ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ሌላው፣ ጎረቤት "እኔን ረድቶኛል" ብላ ዲያዜፓም ብትሰጥሽ አትቀበዪ። ቶሎ ያረጋጋል፣ ቶሎም ያስለምዳል። በሐኪም የሚታዘዙት እንደ ሰርትራሊን ያሉት መድኃኒቶች ሳምንታት ይፈጃሉ፣ በሦስተኛው ቀን አልሠራም ብለሽ አትጣዪ። በንግግር የሚሰጠውም ሕክምና ለዚህ ነገር በጣም ይሠራል። አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሂጂ ሲሉሽ ደግሞ አትደንግጪ። እዚያ ወረፋ የሚይዘው ብዙው ሰው እንደ እኔና እንደ አንቺ ለብሶ፣ ከሥራ አስፈቅዶ የመጣ ነው።

የልጆች እናት፦

የኔ ልጅ፣ ይሄ ዓይነ ጥላ ነው። ጠበል ጠጪ። ሐኪም አያውቀውም።

ጠመኔ፦

እማዬ፣ ጠበሉን አልከለክልም፣ እኔም እሄዳለሁ። ሐኪሙም አብሮ ይሁን ነው የምለው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ "አባታችን ሆይ"ን ቀስ ብለው በአንድ ትንፋሽ አንድ ሐረግ ብቻ እያወጡ ይድገሙት። እኔ ቁጥሩ ሲጠፋብኝ የማደርገው ይህንኑ ነው።

የልጆች እናት፦

እሱስ ጥሩ ነው። ተባረክ።

መስኮት ዳር፦

ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። መጀመሪያ የጠመኔን ሦስተኛ ምክር ሳነብ በእውነት ሰድቤሃለሁ፣ ይቅርታ።

ቤት ውስጥ በየማታው ሻዩን ስነፋ ሰነበትኩ። ያለ ሻይ። እናቴ "ምነው፣ አቃጠለሽ?" ትለኛለች። ትናንት ጠዋት ታክሲ ገባሁ። ጋቢና ይሻለኛል ብዬ ነበር፣ አላገኘሁም፣ መሃል ወንበር ደረሰኝ። ኡራኤል ጋ ልቤ ዘለለች። 1፡51 ብዬ ጻፍኩ። እጄ እየተንቀጠቀጠ 1 ብዬ የጻፍኩት 11 ሆኗል።

ነፋሁ። ምንም። ነፋሁ። "ወራጅ" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ባምቢስ ጋ አንድ ሰው ሲወርድ በሩ ተከፈተና እግሬ ራሱ ተነሳ። በሩ ተዘጋ። የዚያን ጊዜ ነው ሂሳቡን የጀመርኩት። የገባነውን ቆጠርኩ፣ ረዳቱ ጣቶቹ መሃል ያጠፋቸውን ብሮች ቆጠርኩ፣ መልስ የሰጠውን ቀነስኩ። አልገጠመም። እንደገና ደመርኩ። የአንድ ሰው ጎደለ። እንግዲህ ሥራዬ ነው፣ ጉድለት ካየሁ አልተኛም። የትኛው ነው ያልከፈለው ብዬ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። ያቺ ነጠላ የለበሰችው ከፍላለች፣ ተማሪዎቹ ከፍለዋል፣ ያ የሚያንቀላፋው ከፍሏል። ስታዲየም አልፈን ለገሃር ደርሰናል፣ ትንፋሼ መቼ እንደተመለሰ አላወቅኩም።

ረዳቱ ዞር ብሎ "እህት፣ ሂሳብ!" አለኝ።