ያገለገለች ሴሊካ ልግዛ ወይስ ልተዋት? ከደብረ ብርሃን

የጠባሴው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው የምኖረው። አንዲት ቀይ ቶዮታ ሴሊካ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና፣ ለሽያጭ ቀርባልኛለች። በፈረንጅ 2001 የተሠራች፣ ባለ 1.8 ሞተር፣ ማንዋል ናት። ልጅ እያለሁ በደሴ መንገድ እንደሷ ያለች ስታልፍ አይቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከልቤ አልወጣችም። ስድስት ዓመት ቆጥቤያለሁ።

ሻጩ የጠራው ዋጋ ደህና ኮሮላ ይገዛል። ቀለሟ ያበራል፣ ወንበሯ ንጹሕ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ነድቻት ድምጿ ልቤን ወሰደው። ግን ስለ ሞተር ብዙም አላውቅም። ወላጆቼ ሸዋ ሮቢት ስለሆኑ በወር አንዴ እወርዳለሁ። ለእንደኔ ዓይነት ሰው ታዋጣለች? ምኗን ልይ?

የሰላ ድንጋይ ልጅ፦
ወንድሜ ተዋት። ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ኮብልስቶኑና የፍጥነት መቀነሻው ፓራውልቷን ይጨርሰዋል። የፊት መብራቷ ቢሰበር ከየት ታመጣለህ? የኮሮላ ይገኛል፣ የቪትዝ ይገኛል። የሷ ግን የሷ ብቻ ነው። በዚያ ብር ኮሮላህን ግዛና እናትህን ጠይቅበት።

የጋራዡ ሰው፦
ልጄ፣ እኔ አትግዛ አልልህም። ከሃያ ዓመት በላይ እዚሁ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ውስጥ ነኝ። ሁለት ሴሊካ በእጄ አልፈዋል። አንደኛዋ ዛሬም አዲስ አበባ ትመላለሳለች። ሁለተኛዋ ጌታዋን ባዶ ኪስ አስቀርታዋለች። የሁለቱም ቀለም ያምር ነበር። ስለዚህ ቀለሙን እርሳው።

የዚህች መኪና 1.8 ሞተር ሁለት ዓይነት ነው። ብዙዎቹ ላይ ያለው ዋን ዜድ ዜድ የሚባለው ነው፤ 140 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ኮሮላ ላይም ስለገባ የሞተር ዕቃ አትቸገርም። በቺንጋ ሳይሆን በሰንሰለት ነው የሚሠራው። ቱ ዜድ ዜድ የሚባለው ጉልበቱ ይበልጣል፤ ዕቃውን ፍለጋ ግን ትንከራተታለህ። የትኛው እንደሆነ ሞተር ቁጥሩ ላይ ታገኘዋለህ።

የዋን ዜድ ዜድ በሽታው ዘይት መብላት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በተሠሩት ላይ፣ ዘይት የሚመለስባቸው የፒስተን ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። ይደፈናሉ። ፋሻው፣ ማለት በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት፣ ይያዝና ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ያንተዋ 2001 ናት፣ ያሰጋኛል። ዘይት የምትይዘው 3.7 ሊትር ብቻ ነው። የዘይት መብራት እስኪበራ የጠበቀ ሰው ሞተር ያወርዳል።

አሁን ዋናው ነገር። ከሰዓት በኋላ ነዳኋት አልክ። ያን ጊዜ ሞተሩ ሞቋል፣ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ጠዋት 12 ሰዓት ሂድ፣ ውርጩ ከመስታወቷ ላይ ሳይሟሟ። ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳት ንገረው። ስትደርስ ምንም ሳትናገር እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ። ሞቆ ካገኘኸው ሰላም ብለህ ተመለስ፣ ሌላ ቀን ትሄዳለህ።

ስትነሳ ከኋላ ቆመህ ጭሱን እይ። በዚህ ብርድ ነጭ እንፋሎት ሁሉም መኪና ያወጣል፣ አትደንግጥ። ቶሎ ከበነነ ውሃ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ካላቆመ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ ከሸተተህ ግን የቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ማለት ነው፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ሄዷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው።

ከዚያ የሸዋ ሮቢትን መንገድ ያዝ። ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ አዲስ አበባም የለም። እኛ 2,840 ሜትር ላይ ነን። ጣርማ በር ከ3,000 ይበልጣል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ ነው። ዋሻውን አልፈህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ ማርሽ አስገብተህ እግርህን ከቤንዚን መርገጫው ላይ አንሳ። ያን ጊዜ ሞተሩ ዘይቱን ወደ ላይ ይስባል። ቀጥ ያለ ቦታ ስታገኝ ቤንዚን ስጣት። ጓደኛህ በሌላ መኪና ከኋላ ይከተልህ። ሰማያዊ ደመና ካየ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ስትይዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል፤ እሱ እንኳ ቀላል ነው።

ስትመለስ ዳገቱ ላይ ዓይንህ ከሙቀት መለኪያው አይነቀል። እዚህ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። መኪና የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ ነው። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ቆላ ላይ ሳይታወቅ ቆይቶ እኛ ጋ ያፈላል። በሱ ምክንያት ስንት ቴስታታ እንደከፈትኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ደግሞ አትበድላት። አየሩ እዚህ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ይሳሳል። 140 የነበረው ጉልበት 105 ገደማ ይሆናል። ደከመችብኝ ብለህ በዚያ ብቻ አትፍረድባት።

ኮፈኑ ሞቆ፦
የጋራዡ ሰው ያሉት ልክ ነው። እኔ ወረቀቱን ልጨምር። ቀብድ ሳትሰጥ ሻንሲና ሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ራስህ አመሳክር። መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ የዕዳና የእገዳ ማጣሪያ አስወጣ። ሊብሬው በማን ስም ነው? በሻጩ ካልሆነ ውክልናውን እይ፣ መሸጥ የሚል ቃል ይኑርበት። ቦሎዋንም ጠይቅ። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደላላ «ከንግዲህ አታገኛትም» እያለ ያጣድፋል። አትቸኩል።

የጠባሴው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ ሄጄ መጣሁ።

የመጀመሪያ ቀን 12 ሰዓት ከሩብ ደረስኩ። በግቢው ያሉት መኪኖች ሁሉ ውርጭ ለብሰዋል። የሷ ኮፈን እርጥብ ነበር፣ ስነካው ለብ ብሏል። እንዳሉት ሰላም ብዬ ተመለስኩ። በማግስቱ ለሻጩ ሳልነግር በ11 ሰዓት ተኩል በሩን አንኳኳሁ። ቅር ቢለውም አስነሳት። ጭሱ ነጭ ነበር፣ ቶሎ ጠፋ። በጣም ደስ አለኝ።

ጣርማ በርን አልፈን ስንወርድ እንዳሉኝ አደረግኩ። ጓደኛዬ ከኋላ ደወለልኝ። «ቁም» አለኝ። ወርጄ ሳይ መንገዱ ላይ ሰማያዊው ገና አልተበተነም። ሻጩ ጉም ነው አለኝ። ጉሙ ግን በላያችን ነበር፣ እሱም ነጭ ነው። የዘይት መለኪያውን አወጣሁ። ስንነሳ ላይኛው ምልክት ላይ የነበረው ዘይት ወርዷል።

መሪውን ስለቅ ሆዴ ባር ባር አለ። እውነቴን ነው፣ ስታስኬድ እንዴት እንደምታምር! ሻጩ ዋጋ ልቀንስ አለ። ለፋሻና ለፒስተን ስንት እንደሚሄድ ልንገርህ ብዬ ነው የተለያየነው። ጋሼ፣ ሞተሩን አውርዶ ለማደስ እርስዎ ስንት ይላሉ? ከዚያ በላይ ካልቀነሰ እተዋታለሁ።

የጋራዡ ሰው፦
ሞተር ሳይከፈት ቁርጥ ዋጋ አይነገርም ልጄ። ሲሊንደሩ ከተጫረ ሌላ ሂሳብ ነው። ሻጩ ቴስታታው ተከፍቶ ይታይ ካለ ማክሰኞ ይዘሃት ና፣ አብረን እናያለን። አይሆንም ካለ መልሱን ሰጥቶሃል።